የትንበያ ገበያ፦ ሰው ገንዘብ ሲያስይዝ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል?

ዋጋ ነጋሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወዲህ ዜና ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እየተለመደ መጥቷል። «በፖሊማርኬት እገሌ የማሸነፍ ዕድሉ 62 በመቶ ነው» ይባላል። ፖሊማርኬት ሰዎች ወደፊት በሚሆን ነገር ላይ ገንዘብ የሚያስይዙበት የኢንተርኔት ገበያ፣ ማለትም የትንበያ ገበያ ነው። ቁጥሩን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚታመን ግን በአማርኛ ሲወራ ብዙም አላየሁም። እንወያይበት ብዬ ነው። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ይህ ነገር እስከዚህ ቀን ይሆናል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ነገሩ ከሆነ «አዎ» የሚለው ኮንትራት 1 ዶላር ይከፍላል። ካልሆነ ዜሮ ነው። ኮንትራቱ አሁን በ62 ሳንቲም እየተሸጠ ከሆነ ገበያው ዕድሉን ወደ 62 በመቶ ገምቶታል ማለት ነው። ዕድሉ 80 ነው ብሎ የሚያምን ሰው በ62 ካገኘው ርካሽ ነው ብሎ ይገዛል። የለም 40 ነው የሚለው ይሸጣል። ሁለቱ ሲገፋፉ ዋጋው አንድ ቦታ ይቆማል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮም ውስጥ ማን ፖፕ ይሆናል ብሎ መወራረድ በጣም ስለተስፋፋ በ1591 ፖፕ ግሪጎሪ 14ኛ ውርርዱን በውግዘት ከልክለዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ1868 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት በፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ ትልልቅ ገንዘብ ይያዝ ነበር። የዛሬው ዓይነት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ገና ስላልነበረ ጋዜጦች የውርርዱን ዋጋ ያትሙት ነበር። ዘመናዊው ገበያ የተጀመረው በ1988 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቡሽና ዱካኪስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ። እዚያ አንድ ሰው ከ500 ዶላር በላይ ማስገባት አይፈቀድለትም።

እኔን የሚስበኝ የሰው ጠባይ ነው። ሰው በነጻ ሲያወራ አንድ ነገር ይላል፤ ገንዘብ ሲያስይዝ ሌላ። በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ዲሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ኢራቅ ጦርነት የመሰሉ የፍሬ ነገር ጥያቄዎች ተጠየቁ። እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ፓርቲ የሚያደላ መልስ ሰጠ። ለትክክለኛ መልስ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላችኋል ሲባሉ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከግማሽ በላይ ጠበበ። «አላውቅም» ለሚል ሐቀኛ መልስም ሲከፈል ደግሞ ይበልጥ ጠበበ። ብዙዎቹ እውነቱን ያውቁ ነበር፣ ወይም አለማወቃቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዝም ብለው ቡድናቸውን እየደገፉ ነበር።

አንቶኒ ዳውንስ የሚባለው ኢኮኖሚስት በ1957 ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። የአንድ መራጭ ድምፅ ብቻውን ውጤት የመቀየር ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ መራጩ ፖሊሲ ለማጥናት ሰዓታት ቢያጠፋ ለራሱ የሚያገኘው የለም። አለማወቁ ስንፍና አይደለም፤ ስሌት ነው። ተሳስቶ ቢመርጥም ከኪሱ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ገበያው ውስጥ ግን የተሳሳተ ይከፍላል፤ ልክ የሆነ ይከፈለዋል።

ስለዚህ ዋጋው ከተንታኝ ወሬ ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሸገር ልጅ

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ግን ገበያው የተሳሳተባቸውን ዘለልካቸው። ሰኔ 23 ቀን 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ አልውጣ ስትል የውርርድ ገበያው «ትቀራለች» የሚለውን ከ80 በመቶ በላይ ሰጥቶት ነበር። በ51.9 በመቶ ድምፅ ወጣች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ትራምፕን ወደ 20 በመቶ አካባቢ አድርጎት ነበር። አሸነፉ። በ2022 ሴኔቱን ሪፐብሊካኖች ይወስዳሉ ብሎ ነበር። ዲሞክራቶች 51 መቀመጫ ይዘው ቀሩ።

ገንዘብ የሚያስይዘውም ሰው ነው። ስሜት አለው፣ ወገን አለው። ሀብታም ስለሆነ ወገንተኝነቱ አይጠፋም። ስለዚህ በነጻ ያወራው የነበረውን በብር ያወራዋል እንጂ ምን ለውጥ አለው?

ሒሳብ አስተማሪ

ሸገር፣ ሁለቱን ነጥቦች ለየብቻ ልያቸው።

20 በመቶ የተባለ ነገር ሲሆን ገበያው ተሳሳተ አይባልም። ከአምስት አንዴ ይሆናል ነው ያለው። ትክክለኛው ፈተና በ20 ሳንቲም የተሸጡ ጥያቄዎችን ሁሉ ሰብስቦ ስንቶቹ እንደሆኑ መቁጠር ነው። ከመቶው 20 ያህሉ ከሆኑ ዋጋው ልክ ነበር። 5 ብቻ ከሆኑ ወይም 40 ከሆኑ ችግር አለ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ዋጋው ባብዛኛው ከእውነታው ጋር ይቀራረባል። ጫፍና ጫፉ ላይ ግን ይዛባል። የማያሸንፍ የሚመስለው ከሚገባው በላይ ይወደዳል፣ አሸናፊው ከሚገባው በታች ይረክሳል። ይህ በፈረስ እሽቅድድም ውርርድ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲጠና የኖረ ነገር ነው። ሰው በትንሽ ገንዘብ ትልቅ የማግኘት ተስፋ ይወዳል።

ዋጋ ነጋሪ፣ ላንተም አንድ ነገር። በ2024 ፖሊማርኬት ለትራምፕ ወደ 60 በመቶ ሲሰጥ በሕዝብ አስተያየት ላይ የቆሙት ሞዴሎች 50 ለ50 ይሉ ነበር። ትራምፕ ሲያሸንፉ «ገበያው አሸነፈ» ተባለ። በአንድ ምርጫ 60ን ከ50 መለየት አይቻልም። ሁለቱም ግምቶች ከውጤቱ ጋር ይስማማሉ። ያንን ክርክር ለመዝጋት ብዙ ምርጫ ያስፈልጋል፤ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ነው።

ሶሊያና

ሸገር ስለ ወገንተኝነት ያነሳው ከ1988ቱ የአይዋ ገበያ ጀምሮ ተጠንቷል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት በጣም ይገርማል። የቡሽ ደጋፊዎች የቡሽን ኮንትራት ይበልጥ ይገዙ ነበር። የዱካኪስ ደጋፊዎችም የዱካኪስን። የቴሌቪዥን ክርክር ሲታይ እያንዳንዱ ወገን የኔ ሰው አሸነፈ ይል ነበር። ተጫዋቹ በአማካይ ወገንተኛ ነበር ማለት ነው።

ዋጋው ግን ወደ ትክክለኛው ውጤት በጣም ተጠጋ። ለምን? ዋጋ አማካይ አስተያየት ስላልሆነ ነው። ትንሽ ቡድን ነበረች። ቶሎ ቶሎ የምትገበያይ፣ ብዙ ገንዘብ ያስያዘች፣ ለማንም የማታደላ። ደጋፊዎቹ በስሜት ዋጋውን ሲገፉት ይህች ቡድን በተቃራኒው ትቆማለች፤ ከስሕተታቸው ታተርፋለች። ስለዚህ ሁሉም አስተዋይ እንዲሆን አያስፈልግም። ጥቂቶች አስተዋይ ሆነው በቂ ገንዘብ ካላቸው ይበቃል።

ግን «በቂ ገንዘብ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አይዋ ላይ ጣሪያው 500 ዶላር ነው። ብዙ ሚሊዮን ይዞ የሚመጣ ደጋፊ ቢኖር ጥቂት አስተዋዮች ያንን ይመክቱታል ወይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ

እዚህ አሌክሳንድሪያ በምርጫው ሰሞን ካፌ ውስጥ የሐበሻው ወሬ ሁሉ ይሄ ነበር። ግማሹ «ዋጋው የተገዛ ነው፣ አንድ ሀብታም ሆን ብሎ ትራምፕን እያስወደደ ነው» ይል ነበር። ግማሹ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን ያሳያል። በድምፅ ብልጫ የሚያልቅ ክርክር አልነበረም።

ያ ሀብታም በኋላ ተገኘ። ፈረንሳዊ ነው። በብዙ አካውንት ነበር የሚገዛው። ትራምፕ እንዲያሸንፉ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ድምፅ ብልጫም እንዲያገኙ ነው ያስያዘው። ይሄኛው ገበያው ከ40 በመቶ በታች የሰጠው ነበር። ሁለቱም ሆኑ። ትርፉ ወደ 85 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ተዘግቧል።

እኔን የገረመኝ ያደረገው ዝግጅት ነው። የተለመደው ጥናት የትራምፕን ድምፅ አሳንሶ ያሳያል ብሎ ጠረጠረ። ሰው ለጠያቂ «ትራምፕን ነው የምመርጠው» ማለት ያፍራል ወይም አይፈልግም። ስለዚህ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ሌላ ዓይነት ጥናት አሠራ። «አንተ ማንን ትመርጣለህ?» አልተባሉም። «ጎረቤቶችህ ማንን የሚመርጡ ይመስልሃል?» ተባሉ። ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ አይሸሽም። የመጣለት መልስ ከተለመደው ጥናት ለትራምፕ በጣም ያደላ ነበር።

ይሄ ሰውዬ ያንን ጥናት በነጻ አይሠራውም ነበር። ገበያው ባይኖር ያ መረጃ ባልተፈጠረ። እኔ የዋጋ ነጋሪን ሐሳብ የምደግፈው ለዚህ ነው። ገበያው ያለውን እውቀት ከመሰብሰብ አልፎ አዲስ እውቀት እንዲፈለግ ያደርጋል።

የሸገር ልጅ

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ያሸነፈ ሰው ነው የነገርከን። በ2012 ኢንትሬድ በሚባለው የአየርላንድ ገበያ አንድ ተጫዋች የኦባማ ተፎካካሪ በነበሩት በሮምኒ ላይ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተበልቷል። እሱም እርግጠኛ ሳይሆን አይቀርም ነበር። ወይም ደግሞ ሮምኒ ገና ያልተሸነፉ እንዲመስሉ ዋጋውን እየደገፈ ነበር። የመረመሩት ኢኮኖሚስቶች ሁለተኛውን አጥብቀው ጠርጥረዋል። አራት ሚሊዮን ለአሜሪካ ምርጫ ማስታወቂያ ምንም አይደለም። በዚያ ገንዘብ በየዜናው የሚጠቀስ ቁጥር ማንቀሳቀስ ከተቻለ ርካሽ ፕሮፓጋንዳ ነው።

ሶሊያና

ሸገር፣ ያንተን ምሳሌ ወደ መጨረሻው ውሰደው። ኢንትሬድ ላይ የሮምኒ ዋጋ ቤትፌር ከሚባለው የእንግሊዝ ገበያ በጥቂት ነጥብ ከፍ ብሎ ቆየ። ሰውዬው ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ዋጋውን ወደ ላይ ወስዶ ሊያቆመው አልቻለም። የሚያውቁት በየቀኑ እየሸጡለት ገንዘቡን በሉት። ዋጋን በግድ የሚገፋ ሰው ልክ ለሆነው ሰው ደሞዝ እየከፈለ ነው። ገበያው ትልቅ ሲሆን ማጭበርበሩ ውድ ነው። ትንሽና ጭር ያለ ሲሆን ርካሽ ነው። ስለዚህ በመቶኛውን ከማየታችን በፊት ምን ያህል ገንዘብ እንደተንቀሳቀሰበት ማየት አለብን።

ግን እኔ ከማጭበርበሩ የሚበልጥ ችግር አለ ባይ ነኝ። ዋጋ ዕውቀትን መሰብሰብ የሚችለው ዕውቀቱ ተጫዋቾቹ ዘንድ ካለ ነው።

በግንቦት 2025 የሮማው ፖፕ ምርጫ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተገበያይቷል። ካርዲናል ፓሮሊን ቀዳሚ ነበሩ። ሮበርት ፕሬቮስት 1 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፖፕ ሊዮ 14ኛ ሆነው የወጡት እሳቸው ናቸው። ለምን እንዲህ ሆነ? 133 ካርዲናሎች በር ተዘግቶባቸው፣ ስልክ ተነጥቀው ነው የመረጡት። የሚያውቁት አይወራረዱም። የሚወራረዱት አያውቁም። ሚሊዮኑ ሁሉ ጋዜጣ ያነበበ ሰው ግምት ነው። ገንዘብ ማስያዝ ያላወቅከውን አያሳውቅህም።

አሁን ተቃራኒውን እዩ። ጥቅምት 10 ቀን 2025 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሊነገር ሰዓታት ሲቀሩት የቬንዙዌላዋ ማሪያ ኮሪና ማቻዶ ዋጋ ከ4 በመቶ በታች ተነስቶ ከ70 አለፈ። በዚያ ሌሊት ምንም ዜና አልወጣም ነበር። ጠዋት ተሸላሚዋ እሷ ሆነች። የኖቤል ተቋሙ ምስጢር ወጥቷል ብሎ ምርመራ ጀመረ። እዚህ ገበያው ፍጹም ልክ ነበር። ልክ የሆነው ግን በብዙ ሰው ጥበብ አይደለም፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ሳይገባ አይቀርም።

እና እኔ አንድ ዋጋ ሳይ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ መልሱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አለ ወይ? ካለስ ገበያው ውስጥ መግባት ይችላል?

ኪያ

ሶሊያና፣ ከሆነ ታዲያ ውስጥ አዋቂ ቢገባ ምን አለበት? ዋጋው ይበልጥ እውነት ይሆናል። ለእኛ ለአንባቢዎቹ ጥሩ አይደለም ወይ?

ሶሊያና

ለአንባቢ ጥሩ ነው፤ ለተጫዋች ሞት ነው። ሒሳቡን እንየው።

እነዚህ ገበያዎች ከራሳቸው ምንም አያመርቱም። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ ኮሚሽን ካለ እሱም ተቀንሶ። ሁሉም ሰው አስተዋይ ቢሆን ማንም አይገበያይም። አንድ ሰው በ62 ሊሸጥልኝ ሲመጣ «ይሄ ሰው እኔ የማላውቀው ምን አውቆ ነው?» ብዬ እሸሻለሁ። እሱም ከእኔ ይሸሻል። ኢኮኖሚስቶች ሚልግሮምና ስቶኪ ይህንን በ1982 በሒሳብ አረጋግጠውታል። ገበያው የሚኖረው ለደስታ፣ ለድጋፍ፣ ለእልህ ወይም በራሱ ላይ ከልክ በላይ ተማምኖ የሚጫወት ሰው ስላለ ነው። አዋቂውን የሚቀልበው እሱ ነው። ያ ፈረንሳዊ ለጥናቱ ያወጣውን ገንዘብ የመለሱለት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ውስጥ አዋቂ ከበዛ እነሱም ተበልተው ተበልተው ይተዋሉ። እነሱ ሲወጡ አዋቂው የሚበላው የለም፣ ስለዚህ አይመጣም። ዋጋውም ባዶ ቁጥር ይሆናል። አክሲዮን ገበያ ላይ ውስጥ አዋቂ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ጋሽ ይልማ

ልጆች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነባችሁ ነው የቆየሁት። ሶሊያና አሁን የተናገረችው እኔን የሚያስጨንቀኝን ነው። ዋጋው ላይ ያለው እውቀት በማን ገንዘብ ነው የተገዛው? ተበልቶ በሚሄደው ሰው ገንዘብ ነው። ያ ሰው ማነው? እኔ በምኖርበት ሰፈር ቤቲንግ ቤት የሌለበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ቲኬት የሚቆርጠው ወጣቱ ነው። የሚበላውም ወጣቱ ነው። ሥራ ያለው የምሳውን፣ ሥራ የሌለው ከእናቱ የለመነውን ይዞ ይገባል።

አሜሪካኖቹም ዘንድ ቢሆን ፖለቲካውና ኢኮኖሚው ለወሬ ነው እንጂ አብዛኛው ገንዘብ በስፖርት ላይ ነው ሲባል አነባለሁ። ታዲያ ከቤቲንግ ቤት በምን ተለየ?

ሌላው ደግሞ ጦርነት ነው። እገሌ አገር ይወረራል አይወረርም፣ እገሌ መሪ ከሥልጣን ይወርዳል አይወርድም ብሎ ብር ማስያዝ። ሰው በሚሞትበት ነገር ላይ ትርፍ መጠበቅ ነውር ነው። ያም ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ነገሩ እንዲሆን ይመኛል። አቅም ያለው ከሆነ ደግሞ ከመመኘት አልፎ ያደርገዋል።

ዋጋ ነጋሪ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነሱት የመጨረሻው ነጥብ በትክክል የኢኮኖሚ ነጥብ ነው። የአሜሪካ ሕግም ስለገባው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጦርነት፣ በሽብርና በግድያ ላይ የሚደረጉ ኮንትራቶችን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል።

በ2003 የሆነ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል በመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች መረጋጋት ላይ የትንበያ ገበያ ሊከፍት ነበር። ሐሳቡ በየሰዉ እጅ ተበታትኖ ያለውን ዕውቀት ወደ አንድ ዋጋ ማምጣት ነው። ሁለት ሴናተሮች ዋይደንና ዶርጋን ሐምሌ 28 ቀን «መንግሥት በሽብር ላይ ቁማር ሊያስጫውት ነው» ብለው ተነሱ። በማግሥቱ ተሰረዘ። ፕሮጀክቱ የነበረበትን ቢሮ ይመሩ የነበሩት ፖይንዴክስተርም ሥራ ለቀቁ። ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ኢኮኖሚስቱ ሮቢን ሃንሰን ናቸው። ሴናተሮቹ ስለ ሥነ ምግባር ያሉትን አከብራለሁ። ግን ሌላውም ወገን መታየት አለበት። ያ ዓመት እኮ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተብሎ የተወረረችበት ዓመት ነው። ባለሥልጣኖቹ በእርግጠኝነት ተናገሩ፤ ተሳሳቱ። ለስሕተታቸው ግን ከኪሳቸው የከፈሉት ነገር የለም። የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ በሕይወቱ።

በስፖርቱ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የእግር ኳስ ውጤትን አስቀድሞ ማወቅ ለሕዝብ ምንም አይጠቅምም። የወለድ መጠን፣ ምርጫ፣ የወረርሽኝ መስፋፋት አስቀድሞ መታወቁ ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ፈቃድ ማስኬድ ስሕተት ነው ባይ ነኝ።

ቨርጂኒያ ነኝ

እዚህ ያለው ፍልሚያ ያው ነው ጋሼ። ካልሺ የሚባለው የትንበያ ገበያ ድርጅት በመስከረም 2024 ዋሽንግተን ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ተቆጣጣሪ ረትቶ በምርጫ ላይ ማገበያየት ጀመረ። ቀጥሎ ስፖርት ውስጥ ገባ። በ2025 ከሜሪላንድ፣ ከኒው ጀርሲና ከኔቫዳ ጋር ተካሰሰ። ክልሎቹ «ይሄ ቁማር ነው፣ የእኛን ፈቃድ አውጣ፣ ግብር ክፈል» ይላሉ። እሱ «እኔ የፌዴራል የኮንትራት ገበያ ነኝ» ይላል። ሜሪላንድ ላይ በነሐሴ 2025 ዳኛው ለክልሉ ወሰኑ። ፍርድ ቤቶቹ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ውሳኔ አልሰጡም።

አስመጪው

ስለ አሜሪካ ብዙ አወራችሁ። እኛ ግን የትንበያ ገበያ ሳይኖረን አልቀረም፤ የዶላር ጥቁር ገበያ ማለቴ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ላይ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። ውጭ ከ110 በላይ። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርበው ባለሙያ የብር ዋጋ ጤናማ ነው ይላል። እኛ ዕቃ የምናስመጣው ግን ማንን እንሰማ ነበር? የውጭውን ዋጋ። ዕቃችንን የምንተምነው በእሱ ነው። ምክንያቱም ነገ ዕቃውን የምተካበት ዋጋ እሱ ነው። ምንዛሪው በገበያ ይወሰናል በተባለ በሳምንታት ውስጥ የባንኩ ዋጋ ራሱ ከመቶ አለፈ። ማን ነበር ልክ? ገንዘቡን ያስያዘው ነበር።

ሒሳብ አስተማሪ

አስመጪው፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። የጥቁር ገበያው 110 «ብር ወደፊት ይወርዳል» የሚል ትንበያ ብቻ አልነበረም። «ባንክ ዶላር የለም፣ ዛሬ ካስፈለገህ ይህን ክፈል» የሚል የእጥረት ዋጋም ነበር። ዶላር ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ወረፋ ያለመጠበቂያው ዋጋ ውስጡ አለ። የመያዝ አደጋም አለ፤ ሕገ ወጥ ስለሆነ ሻጩ ለዚያም ያስከፍላል። በዚያ ላይ ገንዘብ ማሸሽ የሚፈልግ ሰው ትንበያው ምንም ይሁን ምን ይገዛል።

ስለዚህ ዋጋ ከትንበያ ሌላ ብዙ ነገር ይናገራል። የአሜሪካዎቹም ላይ ያው ነው። ትራምፕ ቢያሸንፉ ንግዱ የሚጎዳበት ሰው ኪሳራውን ለማካካስ የትራምፕን ኮንትራት ሊገዛ ይችላል። ያሸንፋሉ ብሎ ስላመነ አይደለም፤ ኢንሹራንስ እየገዛ ነው። ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንባቢው ግን እምነት ነው ብሎ ያነበዋል።

አስመጪው

ትክክል ነህ፣ እጥረቱ ውስጡ ነበር። ከለውጡ በኋላ ባንኩና የውጭው ዋጋ ሲቀራረቡ ያየነውም ለዚህ ነው፤ የእጥረቱ ድርሻ ቀነሰ። ቢሆንም እኔ እንደ ነጋዴ የምለው አልተቀየረም። ሁለት ቁጥር ሲሰጡኝ፣ አንዱ በመግለጫ ሌላው በሰው ኪስ የቆመ ከሆነ፣ ዕቃዬን የምተምነው በሁለተኛው ነው።

የሸገር ልጅ

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ማነው ዳኛው? ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይ» ነው ይባላል፤ እውነታው ግን እንዲያ አይደለም። በ2025 ፖሊማርኬት ላይ «ዜሌንስኪ ከሐምሌ በፊት ሱፍ ይለብሳሉ ወይ?» የሚል ነበር። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገበያየበት። በሰኔ መጨረሻ ሄግ ላይ ጥቁር ጃኬትና ሱሪ ለብሰው መጡ። ብዙ ጋዜጦች ሱፍ ለበሱ ብለው ጻፉ። የሚዳኙት ግን የአንድ ዲጂታል ሳንቲም ባለቤቶች ናቸው፤ ድምፅ ሰጥተው «ሱፍ አይደለም» አሉ። «አዎ» ያለው ሁሉ ተበላ። ከዳኞቹ ውስጥ ራሳቸው ገንዘብ ያስያዙ አሉ ተብሎ ብዙ ተጮኸ።

በጥቅምት ደግሞ የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ የሆነው የኮይንቤዝ ሥራ አስኪያጅ በኩባንያው ሪፖርት ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ቢትኮይን፣ ኢቴሪየም፣ ብሎክቼይን፣ ስቴኪንግ፣ ዌብ 3» ብሎ ቃላት ደረደረ። የትኞቹን ቃላት ይናገራል ተብሎ ተወራርደውበት ስለነበር ነው። ጋሽ ይልማ ያሉት ይሄ ነው። ገንዘብ የተያዘበት ነገር ራሱ ይለወጣል። ቃላት ሲሆን ያስቃል። የመንግሥት ባለሥልጣን ውሳኔ ሲሆንስ?

ሶሊያና

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። ውጤቱ በሚሊዮን ሰዎች እጅ ያለ፣ እና በአንድ ሰው እጅ ያለ። ምርጫን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው የሚወስነው፤ በውርርድ ምክንያት ውጤቱን መቀየር ከባድ ነው። «ሚኒስትሩ ይህን ቃል ይናገራሉ ወይ» የሚለው ግን በአንድ ሰው አፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጨርሶ ባይከፈት ይሻላል። እውቀት አይሰጠንም፤ ለዚያ ሰው ጉቦ የሚገባበት በር ነው የሚከፍተው።

ጋሽ ይልማ

እንግዲህ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ልጄ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። «ኢየሱስ ክርስቶስ በ2025 ዳግም ይመጣል ወይ» ብለው ገበያ ከፍተው ነበር። በጸደይ ወራት 3 በመቶ ይል ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ማንም አያውቅም የተባለውን ነገር። ድፍረቱን ልተወውና፣ ቁጥሩ ምን ማለት ነው? ከመቶ ሰው ሦስቱ አምኖ ገንዘብ አስይዟል ማለት ነው?

ሒሳብ አስተማሪ

አይደለም ጋሼ። ይሄ ቁጥር ስለ እምነት አይናገርም። ስለ ወለድ ነው የሚናገረው።

«አዎ» 3 ሳንቲም ከሆነ «አይ» 97 ሳንቲም ነው። ይሄ ዋጋ ተጋኗል የሚል ሰው «አይ»ን በ97 መግዛት አለበት። ዓመቱ ሲያልቅ 1 ዶላር ይሰጠዋል፤ 3 ሳንቲም ያተርፋል። በሚያዝያ ገዝቶ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጠብቃል፤ ወደ ዘጠኝ ወር። 3ን ለ97 ሲያካፍሉት 3.1 በመቶ ነው። በዓመት ሲሰላ 4 በመቶ ገደማ ይመጣል። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድም ወደ 4 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ያለ ምንም ስጋት። ስለዚህ ዋጋውን ከ3 ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሰው ምንም ትርፍ አያገኝም። ገንዘቡን ዘጠኝ ወር ዘግቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ማንም አይነካውም፤ ቁጥሩም እዚያው ይቆያል።

ለዚህ ነው ቀኑ ሩቅ በሆነ ጥያቄ ላይ ከ5 በመቶ በታች የሆነ ቁጥር ዜና ላይ ሲጠቀስ የማልሰማው። «በዚህ ዓመት ጦርነት የመነሳት ዕድል 3 በመቶ» ቢሉዎት፣ መጀመሪያ የቀረውን ጊዜና የወለዱን መጠን ያስሉ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ውጭ የሚተርፍ ነገር አያገኙም።